ሊኑክስና ዊንዶውስ አንድ ላፕቶፕ ላይ መኖር ይችላሉ፦ «አትንኩት» ላሉን ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የነበረ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደርሷል። እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን ስለሚያሠራው ሊኑክስ ለተማሪዎችና ለባለ ትንንሽ ሱቆች የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነው። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ሊኑክስ የፕሮግራመሮች ነገር ነው። ከዊንዶውስ ጋር አንድ ላፕቶፕ ላይ ከተጫነ ፋይል ይበላል። አማርኛ በደንብ አይጻፍበትም። የምንሠራባቸው ሶፍትዌሮች አይሠሩበትም። ያለ ኢንተርኔት ዋጋ የለውም። ቢበላሽ ጎንደር ውስጥ የሚያስተካክለው ሰው የለም። ዊንዶውስ ደግሞ እኛ ጋ በነፃ ይገኛል፤ ታዲያ ድካሙ ለምን? መጨረሻ ላይ «ለሁለት ጌታ መገዛት አይቻልም» ብለው ዘግተውታል።

እኔ አራዳ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ይህ ጽሑፍ ከወጣ ወዲህ ሊኑክስ ሊያስጭኑ የነበሩ ልጆች ሐሳባቸውን ሲቀይሩ አይቻለሁ። ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉት አልጠራጠርም። ፋይል ጠፍቶባቸዋል፤ ሌላው ሰው እንዳይጠፋበት ነው የጮኹት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና መፍራታቸው አይፈረድባቸውም። ግን ከነጥቦቻቸው አብዛኞቹ ስህተት ናቸው። ትክክል የሆኑትም ቢሆኑ ወደ ሌላ መደምደሚያ ነው የሚወስዱት።

ከባዱን ላስቀድም። ጸሐፊው አንድ ጓደኛቸው ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ሲጭንላቸው የሠርግ ፎቶና የሥራ ፋይል በሙሉ እንደጠፋባቸው ጽፈዋል። ከዚህ ተነስተው «ሁለቱ አንድ ዲስክ ላይ ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን ይበላል» ይላሉ።

ሐዘናቸው ይገባኛል። ነገር ግን ፋይሉን ያጠፋው የሁለቱ አብሮ መኖር አይደለም። የኡቡንቱ መጫኛ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ይጠይቃል። አንዱ ምርጫ «ኡቡንቱን ከዊንዶውስ ጎን ጫን» ይላል። ሌላው «ዲስኩን አጥፍተህ ኡቡንቱን ጫን» ይላል። ሁለቱም አንድ ገጽ ላይ፣ አንዱ ከሌላው ሥር ነው የሚመጡት። የቸኮለ ሰው ሳያነብ ተጭኖ ያልፋል። ጸሐፊው ራሳቸው «ከተጫነ በኋላ ዊንዶውሱ ጭራሽ አልነበረም» ብለዋል። ዊንዶውሱ ጭራሽ ከሌለ የተመረጠው ሁለተኛው ነው። ይህ ደግሞ ዊንዶውስን አንስቶ ሊኑክስን በቦታው መተካት ነው። ጎን ለጎን መጫን የሚባለው ነገር እሳቸው ላፕቶፕ ላይ ከነጭራሹ አልተሞከረም።

በትክክል ሲሠራ ነገሩ ቀላል ነው። ዲስኩ ይከፈላል፤ ዊንዶውስ በራሱ ክፍል ይቀመጣል፣ ሊኑክስ በራሱ። ላፕቶፑ ሲከፈት ግረብ የምትባል ትንሽ ዝርዝር ትመጣለች። ከላይ ኡቡንቱ፣ ዝቅ ብሎ ዊንዶውስ ቡት ማናጀር። በቀስት ወርዳችሁ የፈለጋችሁትን ትከፍታላችሁ። አንዱ ሲሠራ ሌላው ተኝቷል፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ ለሁለት ጌታ የሚገዛ የለም። ሊኑክስ ላይ ሆናችሁ ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ፎቶና ሰነድ መክፈትም ትችላላችሁ።

ይህን ስል አደጋ የለም እያልኩ አይደለም። አለ። ጸሐፊው ያልጠቀሷቸው ብዙ አደጋዎች አሉ፤ ሰው ማወቅ ያለበትም እነሱን ነው።

አንዱ መብራት ነው። ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ሲጠብ ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ከቦታ ቦታ ሊዛወር ይችላል። እዚያ መሃል መብራት ድርግም ቢል ከባድ ጉዳት ይደርሳል። ስለዚህ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) የሌለው ዴስክቶፕ ላይ ይህን ሥራ አልጀምርም። ደንበኛ ቢቆጣም አልጀምርም።

ሌላው ዲ ድራይቭ ነው። እኛ ጋ ሰው ፋይሉን ዲ ላይ ያስቀምጥና ልቡ ያርፋል። ሲ ቢበላሽ ዲ ይተርፋል ተብሎ ነው። ግን ሲም ዲም የአንድ ዲስክ ክፍሎች ናቸው። ዲስኩ ከሞተ ሁለቱም አብረው ይሞታሉ። ቆየት ያሉ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ዲስኩ የሚከፋፈለው ኤምቢአር በሚባለው በድሮው አሠራር ነው። እሱ ከ4 ዋና ፓርቲሽን በላይ አይፈቅድም። ዊንዶውስ ለራሱ የሚይዛት አንዲት ትንሽ ክፍል አለች። ሲ፣ ዲ እና ኢ ሲጨመሩ 4ቱ ሞሉ። ባዶ ቦታ እያለ እንኳ አዲስ ፓርቲሽን መፍጠር አይቻልም። ይህን ያልተረዳ ሰው «ቦታ ላስለቅቅ» ብሎ ዲን ወይም ኢን ያጠፋል። ብዙ ጊዜ «ሊኑክስ ፋይሌን በላው» የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ሦስተኛው ዊንዶውሱ ራሱ ነው። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው ካልጠፋ ዊንዶውስ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ በከፊል ይተኛል። ሊኑክስ ያንን ሲያይ የዊንዶውሱን ክፍል ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል እንጂ አይጽፍበትም። ሰው ታዲያ «ፋይሌ ሴቭ አልሆን አለኝ» ብሎ ይደነግጣል። ከዊንዶውስ ፓወር ሴቲንግ ገብቶ ያንን ማጥፋት ነው፤ አለቀ። አዳዲስ ላፕቶፕ ያላችሁ ደግሞ ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ በርቶ እንደሆነ አስቀድማችሁ እዩ። በርቶ ከሆነ የቡት (የማስነሻ) አሠራሩ ሲነካ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ያንን ቁልፍ ወረቀት ላይ ሳትገለብጡ ምንም እንዳትነኩ። ቁልፉ ከሌለ እኔም ሆንኩ ሌላ ጠጋኝ ፋይላችሁን መክፈት አንችልም።

ከሁሉም በፊት ግን ባክአፕ። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ከሌላችሁ ከጓደኛ ተዋሱ። ፎቶውና ሰነዱ ሌላ ቦታ መኖሩን፣ መከፈቱንም ጭምር ሳታዩ መጫኛ ፍላሽ እንዳትሰኩ። ከዚያ ቦታውን ዊንዶውስ ውስጥ ሆናችሁ በዲስክ ማኔጅመንት አጥብቡ። ኡቡንቱ 25 ጊጋ ይጠይቃል፤ እኔ 50 ጊጋ ብትሰጡት እላለሁ። ዊንዶውስ ቀድሞ ይጫን፣ ሊኑክስ ይከተል። ዊንዶውስ ዘግይቶ ከመጣ ግረብን ገፍቶ ራሱን ከፊት ያስቀምጣል።

ጸሐፊው «የዊንዶውስ አፕዴት ሊኑክሱን ይገድለዋል» ያሉት ላይ ግማሽ እውነት አላቸው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ማይክሮሶፍት ያወጣው አንድ የደኅንነት አፕዴት ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልታወቀ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚከለክለው) የበራባቸው ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ሊኑክስ እንዳይከፈት አድርጎ ነበር። ያበሳጨ ነገር ነው፤ በዚያ ላይ ጸሐፊውን ልከራከራቸው አልችልም። ግን ፋይል አልጠፋም። ባዮስ (የኮምፒውተሩ የራሱ ማስተካከያ ገጽ) ገብቶ ሴኪዩር ቡትን በማጥፋት ሊኑክሱን መክፈት ይቻል ነበር።

«ሰዓቱን እንኳ ያበላሸዋል» ብለው የጻፉትም በሁላችንም ላይ የሚደርስ ነው። ምክንያቱ ይሄ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ በትንሽ ባትሪ የምትሄድ አንዲት ሰዓት አለች። ዊንዶውስ እሷን የአገሬ ሰዓት ናት ብሎ ያነባታል። ሊኑክስ ደግሞ የዓለም አቀፉን ሰዓት ይሞላባታል። እኛ ከዚያ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ ሊኑክስ ስትጠቀሙ ቆይታችሁ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ዊንዶውስ ብትከፍቱ 3፡00 ማለት ሲገባው 12፡00 ይላችኋል። ኢንተርኔት ካለ ዊንዶውስ ቆይቶ ራሱን ያርማል፤ ከሌለ ግን እንዲሁ ይውላል። መፍትሔው ሊኑክሱን በአንድ መስመር ትእዛዝ «አንተም በአገር ሰዓት ተጠቀም» ማለት ነው። አንዴ ከተሠራ ተመልሶ አያስቸግርም። ዲስኩም ፋይሉም ምንም አልሆነም።

አማርኛን በተመለከተ «የኛ ፊደል ሊኑክስ ላይ ዝብርቅርቁ ይወጣል» ብለዋል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ቋንቋዎች ፊደል ሁሉ የየራሱን ቁጥር በሚያገኝበት አሠራር ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ዊንዶውስም ላይ ሊኑክስም ላይ ስልክም ላይ አንድ ነው። ዝብርቅርቅ የሚሉት በድሮ የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፉ ሰነዶች ናቸው። እነሱ በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጽ ያስቀምጡ ነበር። ያው ሰነድ ስልካችሁ ላይም አይነበብም። እንዲህ ዓይነት የድሮ ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ የሞላበት ሰው ዊንዶውሱን ከነፎንቱ ያቆየው፤ ጎን ለጎን የሚጫነውም ለዚህ ነው።

ለመጻፍ ደግሞ ሊኑክስ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ከሴቲንግ ይጨመራል። ድምፁን በእንግሊዝኛ ፊደል ትመታላችሁ፣ ግዕዙ ይወጣል። ፓወር ግዕዝ የለመደ እጅ ብዙ አይቸገርም። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ለመቀየር የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከስፔስ ጋር መጫን ነው። አቢሲኒካና ኖቶ የሚባሉት ፎንቶች በነፃ ይገኛሉ፤ ሁለቱም ንጹሕ ሆነው ይታተማሉ። እኔ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በዚያው ነው።

ሶፍትዌርን በተመለከተ ጸሐፊው በአብዛኛው ልክ ናቸው። ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ መያዣ ለሊኑክስ አልተሠራም። የንድፍ ሥራው አውቶካድም፣ የሕንፃ ስሌቱ ኢታብስም፣ ፎቶሾፕም እንደዚያው። ዋይን በሚባል ፕሮግራም አንዳንድ የዊንዶውስ ሶፍትዌር ይከፈታል፤ ግን የደንበኛ ሒሳብ በዚያ ላይ አስቀምጡ ብዬ አልመክርም። ሲቪል ምህንድስና የሚማር ልጅ ዊንዶውስ ያስፈልገዋል። የሒሳብ ሠራተኛም ያስፈልገዋል። ከዚህ ተነስቶ «ሊኑክስ አትንኩ» ማለት ግን አይመጣም። ዊንዶውሱ እዚያው አለ፤ ፒችትሪ ሲያስፈልግ እሱን መክፈት ነው። ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የመረጃ መተንተኛ የለመደም እንዲሁ። ዩኒቨርሲቲያችን እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጅ ሆኖ ነው የተጀመረው፤ ዛሬም የጤና መረጃ የሚተነትን ተማሪ ሞልቶታል። ለእነሱ አር የሚባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራምና ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በነፃ፣ ያለ ምንም ክራክ ይሠራሉ።

መመረቂያ ጽሑፍን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሊኑክስ ላይ ያለው የጽሕፈት ፕሮግራም ሊብሬኦፊስ የወርድ ሰነድ ይከፍታል፤ ሠንጠረዥ የበዛበት ሰነድ ግን ሊዛባ ይችላል። ታይምስ ኒው ሮማን ሊኑክስ ላይ አብሮ አይመጣም። በምትኩ ሊበሬሽን ሰሪፍ አለ፤ የፊደሎቹ ስፋት እኩል ስለሆነ መስመር አይሰበርም። ለማተም ስትሄዱ ሁልጊዜ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ውሰዱ። አማካሪያችሁ ወርድ ላይ አስተያየት እየጻፉ የሚመልሱላችሁ ከሆነ የመጨረሻውን እርማት ዊንዶውስ ላይ ብትሠሩት ይሻላል።

«ዊንዶውስ እኛ ጋ በነፃ ነው» ያሉት ነጥብ ከሁሉም በላይ አሳዝኖኛል። በነፃ የሚባለው ክራክ የተደረገው ነው። ፈቃዱን የሚሰብረውን አክቲቬተር ለማስኬድ አንቲቫይረሱን አጥፉ ይባላል። ማን እንደሠራው የማይታወቅ ፕሮግራም ጥበቃው ጠፍቶ በሙሉ ሥልጣን ይገባል። ከዚያ በኋላ ያ ላፕቶፕ ላይ የባንክ ፓስዎርድ ይጻፋል፣ የደንበኛ ሰነድ ይቀመጣል። ሊኑክስ ግን ገልብጣችሁ ለሌላ ብትሰጡትም ሕጋዊ ነው። ክራክ አያስፈልገውም።

የቫይረሱን ነገር በቅርብ ያየሁትን ልንገራችሁ። በምረቃ ሰሞን አንዲት ተማሪ ፍላሿን ይዛ እየተንቀጠቀጠች መጣች። «ጋሼ፣ ሪሰርቼ ጠፋ፤ ነገ ማስረከቢያዬ ነው» አለች። ፎቶ ኮፒ ቤት ሰክታው ነበር። ፍላሹ ላይ የሚታየው አንድ ሾርትከት ብቻ ነው። እሱን በተጫነች ቁጥር ቫይረሱ እንደገና ይነሳል። ሊኑክስ ላይ ሰካነው። ሾርትከቱ አጠገብ ስሙ ባዶ የሆነ አንድ ፎልደር ብቅ አለ። ከፈትነው። አምስቱም ምዕራፍ ከነሠንጠረዡ ተቀምጧል። ቫይረሱ ፋይሉን አላጠፋውም፤ ደብቆት ነው። ዊንዶውስ የተደበቀ ነው የሚለውን ምልክት አክብሮ ይሰውረዋል። ሊኑክስ ያንን ምልክት ስለማይከተል ሁሉንም አውጥቶ ያሳያል። ለዊንዶውስ የተጻፈው ቫይረስም ሊኑክስ ላይ አይነሳም። ሊኑክስ ፈጽሞ አይጠቃም ማለቴ አይደለም፤ ግን ከተማችንን የሚያምሰው የፍላሽ ቫይረስ በዚያ በኩል አያልፍም።

ጊዜውም ተቀይሯል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነም በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውን። ሱቄ ከሚመጡት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ 4ኛና 6ኛ ትውልድ ናቸው። ቤተሰብ በስንት መከራ የገዛቸው፣ ገና ብዙ የሚያገለግሉ ዕቃዎች ናቸው። ሚንት የሚባለው ሌላው የሊኑክስ ዓይነት 4 ጊጋ ራም ላይ ደህና ይሄዳል። ተአምር ግን አትጠብቁ። 2 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ብራውዘር ላይ ብዙ ገጽ ሲከፈት በሊኑክስም ይንገዳገዳል። ገንዘብ ካላችሁ ሃርድ ዲስኩን ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ዲስክ ማስቀየር ከሁሉም በላይ ለውጥ ያመጣል።

«ጥቁር ስክሪን ላይ ኮድ የሚጽፉ ሰዎች ነገር ነው» ለሚለው ብዙ አልልም። አንድሮይድ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ሊኑክስን በኪሱ ይዞ ይዞራል፤ የአንድሮይድ እምብርት እሱ ነው። ሚንት ላይ ሜኑው ከታች በግራ ነው፣ ፎልደሩም በድርብ ክሊክ ይከፈታል። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሄልሲንኪ ላይ ሲጀምረው የባለሙያ ነገር ነበር። ያ ዘመን አልፏል።

ኢንተርኔትን በተመለከተ ግን ሥጋታቸው ተገቢ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የሞባይል ዳታ በክልላችን ተቋርጦ ለወራት ስንቆይ ምን እንደሚመስል አይተናል። ሊኑክስ ፕሮግራሞቹን የሚያመጣው ከኢንተርኔት ነው፤ ያለ ኔት አዲስ ነገር መጫን ያስቸግራል። ይሁንና ሚንት ገና ሲጫን ሊብሬኦፊስ፣ ፋየርፎክስና ቪዲዮ ማጫወቻ ይዞ ይመጣል። መጫኛው ወደ 3 ጊጋ ነው፤ አንድ ሰው አውርዶ ለሰፈሩ ሁሉ በፍላሽ ያዳርሰዋል። ዋይፋዩ እምቢ ካለ ስልካችሁን በኬብል ሰክታችሁ በዩኤስቢ ዳታ አጋሩት፤ ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ድራይቨር ይይዛል። እምቢ ማለቱን ደግሞ ሳትጭኑ በፊት ማወቅ ይቻላል። ከፍላሹ ብቻ አስነሱትና ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ፕሪንተሩን ሞክሩ። ካልሠራ ፍላሹን ነቅላችሁ ሪስታርት ነው፤ ዲስካችሁ አልተነካም።

ጎንደር ውስጥ የሚያውቅ የለም ማለታቸውም ልክ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ኮምፒውተር የሚማሩ ልጆች አሉ፤ ብዙዎቹ ላፕቶፓቸው ላይ ሁለቱንም ጭነው ነው የሚውሉት። እኛ ጠጋኞችም ዊንዶውስ አልነሳ ሲል የደንበኛውን ፋይል የምናወጣው በሊኑክስ ፍላሽ ነው።

ማስጫን የሌለበት ሰውም አለ። ቤቱ ያለው አንድ ኮምፒውተር ብቻ ሆኖ፣ ሱቁ በሙሉ በፒችትሪ የሚሠራ፣ ባክአፕ የሚይዝበት ምንም የሌለው ሰው አይንካው። ባክአፑ ይቅደም።

ለጸሐፊው ደግሞ አንድ ቃል። ያ ዲስክ አሁንም በእጅዎ ካለ ተስፋ አይቁረጡ። ሃርድ ዲስክ ከሆነ ያልተጻፈበት ክፍል ላይ ያለው ፎቶ ቴስትዲስክና ፎቶሬክ በሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች ሊወጣ ይችላል፤ ኤስኤስዲ ከሆነ ዕድሉ በጣም ያንሳል። ሁሉም ላይመለስ ይችላል፣ የፋይል ስሞቹም ሊጠፉ ይችላሉ። ግን የሠርግ ፎቶ ነውና መሞከሩ አይከፋም። ከዛሬ ጀምሮ ላፕቶፑን አይክፈቱት፤ ዲስኩን አስወጥተው ለሚያውቅ ሰው ይስጡት፤ የሚወጣውም ፎቶ ሌላ ዲስክ ላይ ይቀመጥ።